የወላጅ ሁለት ጥያቄዎችና የመምህሩ አንድ መልስ

(ለዕጩ መምህራንና ለአሠልጣኞች የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ)

ቅዳሜ ጠዋት ወደ አዲስ ቅዳም ገበያ የወጣ ሰው ከእህሉ፣ ከበጉና ከከሰሉ ጆንያ ጎን ሌላም ነገር ያያል። ከገጠር ቀበሌ የመጣ አባት በፈረስ ወይም በጋሪ ያመጣውን ስንቅ፣ ማለትም ዱቄት፣ ሽሮ፣ ድንችና ጥቂት ማገዶ፣ ለልጁ ያስረክባል። ልጅቷ ከከተማው ውስጥ ክፍል ተከራይታ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን የምትከታተል ናት። ስንቁን ካወረደ በኋላ አባትየው ሁለት ነገር ይጠይቃታል። “ደህና ነሽ?” ይላል። ቀጥሎም “ትምህርቱስ እንዴት ነው?” ይላል። ልጅቷ ለሁለቱም “ደህና ነው” ትላለች። ሌላ ምን ትበል? አባትየውም ገበያውን ጨርሶ ወደ አገሩ ይመለሳል። ጥያቄዎቹ ግን አብረውት ይመለሳሉ።

ይህ ጽሑፍ ስለነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው። አንደኛው ልጄ በሰላም ወጥቶ በሰላም ይገባል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ልጄ የሚረባ ነገር ይማራል ወይ የሚል ነው። እኛ ዕጩ መምህራን ነገ ከነገ ወዲያ ክፍል ስንረከብ፣ ወላጅ ከበራችን ቆሞ የሚጠይቀን እነዚህን ሁለቱን ነው። ታዲያ ምን ብለን እንመልሳለን? “አይዞዎት” ብሎ መሸኘት ቀላል ነው፤ መልስ ግን አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንመረምረው ይገባል። የምንናገረውም ስለ አንድ ትምህርት ቤት ሳይሆን በከተማ ስላሉ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በጠቅላላው መሆኑ ይታወቅልን።

ሀ. ወላጁ የሚያመዛዝነው ምንን ነው?

እንደሚታወቀው አዲስ ቅዳም የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። ወደ ሰሜን ዳንግላ፣ ወደ ደቡብ የአዊ ዞን ዋና ከተማ እንጅባራ አለች። ስለዚህ የአካባቢው ወላጅ ምርጫ የለውም አይባልም። ልጁን በአቅራቢያው ካለው ትምህርት ቤት ማስገባት፣ ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ዳንግላ መላክ፣ ዘመድ ካለው ባሕር ዳር ማስጠጋት፣ ገንዘብ ካለው በግል ትምህርት ቤት ማስመዝገብ፣ አለዚያም “አገር እስኪረጋጋ ይቆይ” ብሎ ከቤት ማስቀረት ይችላል። ሁለት ጉድጓድ ያላት አይጥ አትሞትም ይላሉና፣ አንዱን ልጅ ከተማ ልኮ ሌላውን ከቤት የሚያስቀርም አለ።

እያንዳንዱ ምርጫ ዋጋ አለው። ልጅን ራቅ ወዳለ ከተማ መላክ የተሻለ ቤተ ሙከራና የተሟላ መምህር ሊያስገኝ ይችላል፤ ነገር ግን መንገዱ ይረዝማል፣ የቤት ክራዩ ይወደዳል፣ ልጁም ከወላጅ ዓይን ይርቃል። ከቤት ማስቀረት ለጊዜው ከመንገድ አደጋ ያድናል፤ ነገር ግን የቀረ ልጅ፣ በተለይም ሴት ልጅ፣ ለያለዕድሜ ጋብቻ ትጋለጣለች። ወንዱም ወደ ከሰል ሥራው ይገባና የቀን ገንዘብ መያዝ ከለመደ በኋላ ወደ ክፍል መመለሱ ይከብደዋል። ስለዚህ ከቤት ማስቀረትም ሰላም ነው ማለት አይደለም፤ አደጋው ዓይነቱን ለወጠ እንጂ።

ይህ ሁሉ ማመዛዘን ባለፉት ዓመታት ከባድ ሆኗል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በመላ አገሪቱ ተዘጉ። ከዚያም በሰሜኑ ጦርነት የክልላችን ብዙ አካባቢዎች ተጎዱ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የትጥቅ ግጭት ተስፋፍቶ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ በክልሉ ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑ ልጆች ቁጥር ከ4 ሚሊዮን በላይ መድረሱ በ2017 ዓ.ም. ሲነገር ሰምተናል።

ዕጩ መምህራን ከዚህ ውስጥ አንድ ነገር አስሉ። በ2018 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ፣ ክፍል ሳይደግምና ሳያቋርጥ ከመጣ፣ ኮሮና በገባበት ዓመት 3ኛ ክፍል ነበረ። 3ኛ ክፍል ልጅ ማንበብን የሚያጸናበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ መሠረቱን በሚጥልበት ዓመት ትምህርቱ ተቋርጦበት፣ ከዚያም በኋላ ደጋግሞ እየተቆራረጠበት ነው ወደ ሁለተኛ ደረጃ የደረሰው። በዚያ ላይ በአዊ ብዙው ልጅ አፉን የፈታው በአዊኛ ነው። አማርኛን ከጎን ይማራል፤ 9ኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ወላጁ ታዲያ “ልጄ ድሮ ጎበዝ ነበረ፣ ከተማ ገብቶ ሰነፈ” ይላል። ልጁ አልሰነፈም፤ ሦስተኛ ቋንቋ ተጭኖበት ነው። ይህን ለወላጅ ማስረዳት የመምህር ሥራ ነው።

ለ. ጥራቱን በምን ይለካል?

ወላጅ የትምህርትን ጥራት የሚለካው በአብዛኛው በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ከትምህርት ቤቱ ስንት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ በሚለው ነው። ይህ መለኪያ ከንቱ ነው አንልም። ነገር ግን አንባብሉ ያስፈልገዋል።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለመከላከል ሲባል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው እንዲፈተኑ ተደረገ። ፈተናው የተሰጠው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነበር። ከተፈተኑት 896 ሺህ ያህል ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ ያህል ብቻ ሆኑ፤ ማለትም 3.3 በመቶ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ፈተና ካስፈተኑት ትምህርት ቤቶች ከአስሩ አራት ያህሉ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከዚህ የተነሣ አገሩ ሁሉ ደነገጠ።

እነዚህን ቁጥሮች ስናነብ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ በመቶኛው ብቻ መፍረድ ያሳስታል። በ2017 ዓ.ም. የተፈተኑት 586 ሺህ ያህል ናቸው፤ ከሦስት ዓመት በፊት ከነበረው ከ300 ሺህ በላይ ያንሳል። ስለዚህ “ስንት በመቶ አለፈ?” ብቻ ሳይሆን “ስንቱ ልጅ ለፈተና ደረሰ? ያልደረሰውስ የት ቀረ?” ብለን መጠየቅ አለብን። ለትምህርት ቤትም እንደዚሁ ነው። 9ኛ ክፍል 200 ልጅ ተቀብሎ 12ኛ ክፍል 40 ብቻ የሚያስፈትንና ከነሱም 10 የሚያሳልፍ ትምህርት ቤት “25 በመቶ አሳለፍኩ” ይላል። ከተቀበለው ልጅ አንጻር ሲታይ ግን ያሳለፈው ከሃያው አንዱን ነው። ሁለተኛ፣ ደካማ ውጤት በ12ኛ ክፍል የተፈጠረ ሳይሆን 12ኛ ክፍል ላይ የታየ ነው። ቀድሞ በኩረጃ ተሸፍኖ የኖረው ነገር ተገለጠ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የአካባቢያችንን ገበሬ በምሳሌነት እንጥቀስ። ፋግታ ለኮማ ዲከረንስ በሚባለው የግራር ዓይነት የታወቀ ወረዳ ነው። ችግኙ ሲተከል በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ እህል ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣር ይታጨዳል፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍልም አራት ዓመት ነው። ገበሬው ችግኙን ተክሎ እስከ አምስተኛው ዓመት ዘወር ብሎ ሳያየው አይቀርም። ከብት እንዳይገባ ይጠብቃል፣ የደረቀውን ይተካል። ልጁን በተመለከተ ግን ብዙውን ጊዜ የአራት ዓመቱን ሥራ የሚያየው የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ነው። ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም። በመካከሉ የሚታይ ነገር ያላሳየነው እኛ መምህራን ነን።

ሐ. ደኅንነት ሲባል የት የት ነው?

“ደኅንነት” ሲባል ብዙዎቻችን አጥርና ዘበኛ እናስባለን። አጥር ያስፈልጋል። ነገር ግን ተማሪ የሚጎዳባቸውን ቦታዎች በአራት ከፍለን ብናይ አጥሩ የሚሸፍነው ከፊሉን ብቻ ነው።

1. መንገዱ፦ ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከክራይ ቤትም ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድበት ነው። ግጭት ባለበት ጊዜ ወላጅ ከሁሉ የሚፈራው ይህንን ነው።

2. የክራይ ክፍሉ፦ የ15 እና የ16 ዓመት ልጆች ጠያቂ ሳይኖራቸው ብቻቸውን የሚኖሩበት ነው። ሴት ልጅ ለጥቃት የምትጋለጠው፣ ወንዱም ወደ መጠጥና ወደ ቁማር የሚሳበው ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው። ትምህርት ቤቱ ግን “ከግቢዬ ውጭ ነው” ብሎ ይተወዋል።

3. ግቢው፦ መፀዳጃ ቤቱ፣ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ያለው ሥፍራ፣ የውኃ ቧንቧው አካባቢ ነው። የሴቶች መፀዳጃ ቤት ለብቻው ካልሆነ፣ መዝጊያና ውኃ ከሌለው፣ ልጃገረዶች በወር አበባቸው ጊዜ ከትምህርት ይቀራሉ። ይህ ሲሆን የደኅንነት ጉድለት ወዲያው የትምህርት ጉድለት ሆነ ማለት ነው።

4. ክፍሉ ራሱ፦ ይህን ለመናገር እናፍራለን እንጂ ልጅ በመምህሩም ይጎዳል። ዱላ፣ ስድብና ማሸማቀቅ ከደኅንነት ጉዳይ የሚቆጠሩ ናቸው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ “እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው” የሚለው አባባል ለመምህር ምክንያት ሊሆነው አይችልም።

መምህሩም ሰው ነውና ይፈራል። የሚያስፈራሩት ተማሪዎች ያሉበት ክፍል ውስጥ ፈተና የሚፈትን መምህር፣ ሲኮርጁ አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ ማርክም ይጨምራል። ወላጅ በካርዱ ላይ 80 ያያል። ልጁ ግን 80 አያውቅም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ፍርሃቱ ነው ማርኩን ያዋሸው። መምህሩ ደኅንነት ካልተሰማው ጥራት የለም።

መ. ያው አስር ደቂቃ

እስካሁን ደኅንነትንና ጥራትን ለየብቻ አየናቸው። ወላጅም ለየብቻ ነው የሚመዝናቸው፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው ያለበት ይመስለዋል። ከመምህሩ ወንበር ሲታዩ ግን ሁለቱ በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው። ነገሩን በሒሳብ እናሳይ።

አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው እንበል። ደወል ተደውሎ መምህሩ አስር ደቂቃ ዘግይቶ ይገባል። “አስር ደቂቃ ምን አላት?” እንላለን። በቀን 7 ክፍለ ጊዜ ካለና ሁሉም መምህር እንዲሁ ከዘገየ በቀን 70 ደቂቃ ይጠፋል። በሳምንት 350 ደቂቃ ነው። ይህም ወደ ዘጠኝ ክፍለ ጊዜ የሚጠጋ፣ ከአንድ ሙሉ የትምህርት ቀን የሚበልጥ ነው። ወላጁ ለአምስት ቀን ክራይ ይከፍላል፤ ልጁ የሚማረው ግን አራት ቀን እንኳን አይሞላም።

ይህ የጥራት ወገን ነው። አሁን ደግሞ ያችኑ አስር ደቂቃ በደኅንነት ወገን እንያት። ስልሳ ልጅ ያለ አዋቂ በአንድ ክፍል ተቀምጧል። ጠብ የሚጫረው፣ ደካማው የሚደበደበው፣ ልጃገረዷ የምትጎነተለው፣ በአጥር የሚዘለለው መቼ ነው? መምህሩ ካልኩሌተሩን ይዞ ጥቁር ሰሌዳው ፊት በቆመበት ሰዓት አይደለም። በዚያችው አስር ደቂቃ ነው። ስለዚህ አንዲት መዘግየት ከወላጁ ሁለት ነገር ትሰርቃለች። ትምህርቱንም ትወስዳለች፣ ጥበቃውንም ታነሣለች። መምህሩ በሰዓቱ በር ላይ ቢገኝ ደግሞ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ይመለሳሉ፤ ተጨማሪ በጀትም አይጠይቅም።

ይህ አሳብ የኛ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ማይክል ራተርና ባልደረቦቹ በለንደን ከተማ 12 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አጥንተው “አስራ አምስት ሺህ ሰዓታት” የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። ርዕሱ አንድ ልጅ ትምህርት ከጀመረበት እስከጨረሰበት በትምህርት ቤት የሚያሳልፈውን ሰዓት ያመለክታል። ተመራማሪዎቹ የተማሪዎቹን አመጣጥ ግምት ውስጥ አስገብተው ሲያነጻጽሩ፣ በትምህርት ቤቶቹ መካከል በጠባይም፣ በመገኘትም፣ በፈተና ውጤትም ልዩነት አገኙ። የሕንፃው አዲስነት ወይም የትምህርት ቤቱ ስፋት ልዩነቱን አልገለጸውም። የገለጹት ሌሎች ነገሮች ነበሩ፤ ትምህርት በሰዓቱ መጀመሩ፣ የቤት ሥራ መሰጠቱና መታየቱ፣ ከቅጣት ይልቅ ምስጋና መብዛቱ፣ ለተማሪዎች ኃላፊነት መሰጠቱ፣ መምህራን በአንድ ደንብ መስማማታቸው። በአጠቃላይ ጠባይ የተሻለበት ትምህርት ቤት በፈተናም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ሮናልድ ኤድመንድስ በድኻ ሠፈር ውስጥ ሆነው ውጤታማ የሆኑ ትምህርት ቤቶችን ባሕርይ ሲዘረዝር ጸጥታና ሥርዓት ያለው አካባቢን፣ በተማሪ ላይ ከፍ ያለ ተስፋ ማሳደርንና የተማሪውን እድገት ዘወትር መከታተልን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

ለንደን ሌላ፣ አዲስ ቅዳም ሌላ ነው። በዚያ ጥናት ውስጥ በግጭት ምክንያት የተዘጋ መንገድ የለም። ነገር ግን የዋናው አሳብ ፍሬ ለኛም ይሠራል፤ ልጅን የሚጠብቀውና የሚያስተምረው ያው አንድ ሰው፣ በሰዓቱ የተገኘ አዋቂ ነው።

በአገራችንም ሰነዶች አሳቡ አለ። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር አራት ዐቢይ ርእሶች አሉት፤ እነሱም መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ ናቸው። የትምህርት ኢንስፔክሽንም ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ሲመድብ ግብአቱን፣ ሂደቱንና ውጤቱን አብሮ ይመዝናል። ደረጃውን አሟልቷል የሚባለው ደረጃ 3 ሲደርስ ነው። ወላጅ ግን ይህን ደረጃ ጠይቆ ማወቅ እንደሚችል የነገረው የለም። እኛ ብንነግረው ምን ይለናል?

ሠ. ወላጅ ሲመጣ፦ የንግግር ምሳሌ

የሚከተለው ለልምምድ እንዲሆን ያዘጋጀነው ነው። አንድ አባት ገበያ ውሎ ሳይሆን ሆን ብሎ በሥራ ቀን ወደ ክፍል ኃላፊው መምህር መጥቷል።

አባት፦ እንደምን አደሩ መምህር።

መምህር፦ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አደሩ አባቴ? ይግቡ፣ ይቀመጡ።

አባት፦ ልጄን ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ከሰል ሸጬ ነው ክራዩን የምከፍልላት። አገሩን እንደሚያዩት ነው። እናቷ “ትምጣልኝ” እያለች ታለቅሳለች። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ትማር ወይስ ትምጣ?

እዚህ ላይ መምህሩ ሁለት የተሳሳቱ መልሶች አሉት። አንደኛው “አይዞዎት፣ ምንም አይደርስባትም” ማለት ነው። ይህ በእጁ ያልሆነ ነገር ቃል መግባት ነው። ሁለተኛው “ጎበዝ ናት፣ ትቀጥል” ብሎ መገላገል ነው። ይህ ምንም ያልተናገረ ያህል ነው። ትክክለኛው መንገድ የስም መጥሪያውን መግለጥ ነው።

መምህር፦ በመንገዱ ላይ ለሚሆነው ቃል ልገባልዎ አልችልም። በእጄ ያለውን ግን ላሳይዎ። ባለፈው ወር 20 የትምህርት ቀን ነበረ። ልጅዎ 17 ቀን ተገኝታለች። የቀረችባቸው ሦስቱም ቀናት ሰኞ ሰኞ ናቸው። ለምን ይሆን?

አባት፦ ሰኞ? … እሑድ ለስንቅ ትመጣለች። አንዳንዴ መኪናም ጋሪም ይጠፋና ሰኞ ከሰዓት በኋላ በእግሯ ትመለሳለች።

መምህር፦ ብቻዋን?

አባት፦ ብቻዋን።

መምህር፦ ሰኞ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሒሳብ አለን። በሦስት ሰኞ ስድስት ክፍለ ጊዜ ሒሳብ አምልጧታል ማለት ነው። ማርኳ የወረደው በሒሳብ ብቻ ነው፤ ይኸው ይመልከቱ። እርስዎ ቅዳሜ ለገበያ መምጣትዎ አይቀርም አይደል?

አባት፦ አይቀርም።

መምህር፦ እንግዲያው ስንቁን እርስዎ ቢያመጡላት እሷ በየሳምንቱ ያንን መንገድ አትመላለስም። ሰኞም ትገኛለች። እኔም ያመለጣትን አስጠናታለሁ። ሁለት ቀን ካየኋት ደግሞ ለርስዎ ወይም እዚህ ላለው ዘመድዎ እደውላለሁ።

አባትየው ያገኘው መልስ ትልቅ አይደለም። ጦርነት አልቆመለትም፤ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች ተብሎም አልተነገረው። ነገር ግን አንዲት የስም መጥሪያ መስመር ሁለቱንም ጥያቄዎቹን ባንድ ጊዜ መለሰችለት። የልጅቷ ማርክ ለምን እንደወረደና አደጋዋ የት ላይ እንዳለ ከአንድ ቦታ ተገኘ። ስሙ ሳይጠራ የሚውል ክፍል ቢሆን ኖሮ መምህሩም አባትየውም አያውቁትም ነበር።

(“ሁለት ቀን ካየኋት” የሚለው በንግግር የተለመደ አነጋገር አይደለም የምትሉ ትኖራላችሁ። ትክክል ናችሁ፤ “ሁለት ቀን ካጣኋት” መባል አለበት። በልምምድ ጊዜ እንዲህ ያለ የቃል መዛባት ወላጅን ያሳስታልና፣ ለወላጅ የምትናገሩትን ደግማችሁ አስቡት።)

ረ. በመጀመሪያው ዓመት ምን እናድርግ?

ዕጩ መምህር “እኔ ርዕሰ መምህር አይደለሁም፣ አጥር ላሠራ አልችልም” ሊል ይችላል። እውነት ነው። የሚከተሉት ግን ከአንድ ጀማሪ መምህር እጅ አይወጡም።

1. ደወል ሲደወል በር ላይ መገኘት። መቅረት ግድ ከሆነም ሥራ ጽፎ ለክፍል አለቃው መተው፣ ለምክትል ርዕሰ መምህሩም ማስታወቅ።

2. በየዕለቱ ስም መጥራት። የቀረውን መቁጠር ብቻ ሳይሆን የመቅረቱን ዓይነት ማስተዋል፤ በሰኞ ነው? በገበያ ቀን ነው? በየወሩ ለሦስት ቀን ነው?

3. ማን የት እንደሚኖር በአንድ ወረቀት መያዝ። ከወላጁ ጋር የሚኖረውን፣ በዘመድ የተጠጋውን፣ ተከራይቶ የሚኖረውን ለይቶ ማወቅ። አንድ ሠፈር የሚኖሩትን አብረው እንዲመላለሱ ማስተዋወቅ።

4. ደብተር ማረም። “ስልሳ ልጅ እንዴት ይታረማል?” ለሚለው መልሱ በቀን 12 ደብተር ነው፤ በአምስት ቀን ስልሳው ያልቃል። የታረመ ደብተር ወላጅ ፊደል ባይቆጥር እንኳ ቀይ እስክሪብቶውን አይቶ የሚረዳው ማስረጃ ነው።

5. ዱላን መተው። ይህን ለራስ ብቻ ሳይሆን በክፍሉ ደንብ ላይ ከተማሪዎቹ ጋር ተስማምቶ መጻፍ።

6. እውነተኛ ማርክ መስጠት። ዛሬ በሐሰት የተሰጠ 80 ነገ በ12ኛ ክፍል ፈተና ይጋለጣል። የሚያስፈራራ ተማሪ ካለ ብቻን ከመጋፈጥ ለርዕሰ መምህሩና ለወላጅ መምህር ተማሪ ኅብረት ማቅረብ።

7. በወላጆች ስብሰባ ላይ የመዋጮ ነገር ብቻ አለማንሣት። ወላጅ በተጠራ ቁጥር ገንዘብ ከተጠየቀ ሁለተኛ አይመጣም። አንድ ጊዜ እንኳ የልጁን ደብተርና የመገኘቱን ሁኔታ እንዲያይ ብቻ እንጥራው።

ሰ. ማጠቃለያ

መምህር ሁሉን ይችላል ብለን አልተነሣንም። የአገር ሰላም በአንድ የስም መጥሪያ አይመጣም። መንገድ አደገኛ በሆነ ቀን ልጁን ከቤት የሚያስቀር ወላጅ ሰነፍ ወይም ለትምህርት ግድ የሌለው ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም፤ እኛም በሱ ቦታ ብንሆን ያንኑ እናደርግ ይሆናል። ወላጁ ልጁን በላከ ቀን ግን አደጋውን ተቀብሎ፣ ከከሰሉና ከድንቹ ከፍሎ ነው የላከው። ያን ቀን መምህሩ ካልገባ፣ ልጁ ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ለባዶ ክፍል ነው። ስለዚህ ዘመኑ በከፋ ቁጥር የመምህር ሰዓት ማክበር ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

የአዲስ ቅዳሙ አባት “ደህና ነሽ? ትምህርቱስ?” ብሎ ሲጠይቅ ልጅቷ “ደህና ነው” ከማለት አልፋ “ትናንት መምህራችን ደብተሬን አርሞልኛል፤ ስቀር ደግሞ ለምን ቀረሽ ብሎ ጠይቆኛል” ብትለው፣ ያ አባት ወደ አገሩ ሲመለስ ቀለል ብሎት ይሄዳል። ይህን ማድረግ በእጃችን ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በማስተማር ልምምድ ላይ በነበራችሁበት ትምህርት ቤት በአንድ ሳምንት ውስጥ በመዘግየት የጠፋውን ደቂቃ አስሉ። ስንት ክፍለ ጊዜ ይሆናል?

2. አንድ ትምህርት ቤት “ከአምናው የበለጠ በመቶ አሳለፍን” ቢል ወላጅ ምን ተጨማሪ ቁጥር መጠየቅ አለበት?

3. ከላይ ያለውን ንግግር በሁለት ሰው ተጫወቱት። አባትየው “ትምጣልኝ ብያለሁ” ብሎ ቢጸና መምህሩ ምን ማለት ይገባዋል? ምን ማለትስ አይገባውም?

4. በክራይ ቤት የሚኖሩ ተማሪዎችን በተመለከተ የትምህርት ቤቱ ኃላፊነት የት ላይ ያቆማል? አሳባችሁን በምክንያት አስደግፋችሁ ጽፋችሁ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ።